ጉዳዩ፦ ለፋሲካ ይደርሳል ስለተባለው ዕቃና «ዓሣ ትብላ» ስለተባለችው እህቴ

ግንቦት 6 ቀን 2017

ይድረስ ለዕቃ መላኪያ ድርጅታችሁ የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

የደረሰኝ ቁጥሬን አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ። በስልክም በአካልም በቴሌግራምም ስንቴ እንዳነበብኩላችሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከራሴ ስልክ ቁጥር በላይ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዛንዚባር ላለችው እህቴ የላክኩት በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ መሆኑም፣ መቼ እንደተላከም ፋይላችሁ ላይ አለ። ይህን የምጽፈው ስለ ትናንቱ ነገር ነው። እስከ ትናንት ታግሻለሁ፣ ዘበኛችሁ ሳይቀር ይመሰክራል።

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት ከሳቢያን ባጃጅ ይዤ ከዚራ ቢሯችሁ መጣሁ። ወረፋ ነበር። ቬንትሌተራችሁ ከፋሲካ በፊት እንደቆመ አሁንም ቆሟል፤ በዚህ በግንቦት የድሬ ሙቀት ሰው እንዲህ ቁጭ አድርጎ ማቆየት... ይሁን፣ እሱን በኋላ። ተራዬ ሲደርስ ያው ልጅ ነው፣ መስኮት 2 ላይ የሚቀመጠው። ስሙን አልጠራም፣ እናት አለው። ከስልኩ ቀና ሳይል «ዕቃው አዲስ አበባ ተመልሷል፣ የመመለሻና የማቆያ 2,300 ብር ትከፍያለሽ» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ወንድሜ፣ ስለ ብሩ እንነጋገራለን፣ ግን እህቴ ከአንድ ወር በላይ እየጠበቀች ነው፣ ምን ልበላት?» አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ያኔ ነው ቀና ያለው። ፈገግ ብሎ፦

«ደሴት ላይ እየተዝናናች በርበሬ ምን ያደርግላታል? ዓሣ ትብላ።»

ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ፤ ሰው ሲደነግጥ ይስቃል። የተናደድኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሌሊቱን በሙሉ «ዓሣ ትብላ» ስትል የምታድር ትንኝ ጆሮዬ ውስጥ የገባች ይመስል ስገላበጥ አደርኩ።

እንግዲያው እህቴ እንዴት እየተዝናናች እንደሆነ ልንገራችሁና ለልጁ አንብቡለት።

ያለችው ጃምቢያኒ ነው፤ ዛንዚባር ሲባል ሰው በፎቶ የሚያውቀው ነጭ አሸዋ ያለበት የምሥራቁ ዳርቻ። አሸዋውም አለ፣ ሰማያዊው ውኃም አለ፣ አልዋሽም። ግን በበጎ ፈቃድ ነው የሄደችው። ደመወዝ የለውም፣ የምትቀበለው ለምግብና ለመንገድ የምትሆን የኪስ ገንዘብ ናት። ልጆች ታስተምራለች። «ሙዋሊሙ» ይሏታል፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ ድሬ ላደገች ልጅ ትርጉም አያስፈልጋትም። ከዚያ የተረፈውን ሰዓት ከመንደሩ ሴቶች ጋር ባሕር ውስጥ ናት፤ ለዋና ግን አይደለም። እዚያ የባሕር አረም ያመርታሉ፣ «ምዋኒ» ይሉታል። ባሕሩ ርቆ ሲሸሽ ይወርዳሉ፣ አሸዋው ላይ እንጨት ይተክላሉ፣ በእንጨትና በእንጨት መሃል ገመድ ይወጥራሉ፣ ከዚያ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ገመዱ ላይ ያስራሉ። ይህ ሁሉ ጎንበስ ብለው ነው፣ ጨው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ፀሐይ ከላይ። ሲያድግ ለቅመው ያደርቁታል፣ ነጋዴ በኪሎ ይገዛቸዋል። ከእሱ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙና ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ መስኮት 2 ያለው ልጅም ጠዋት ጠዋት አፉን ሲያጸዳበት ይሆናል። አሁን አሁን ደግሞ ውኃው እየሞቀ አረሙ ይታመማል፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ መግባት የግድ ሆኗል፣ ከሴቶቹ ደግሞ መዋኘት የማይችሉ ብዙ ናቸው። እህቴም አትችልም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የት ይማራል! ውኃ የምናውቀው ደረቅ ሆኖ ወይም ጎርፍ ሆኖ ሲመጣ ነው። «ወገቤ ቀኑን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር የዋለች ሴት ወገብ ሆኗል» ብላ ጽፋልኛለች። መዝናናት ይሏል ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ነገረችኝ። የባሕሩ መሸሻ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል አለችኝ። ይዘገያል ግን ይመጣል፣ ሴቶቹም መቼ እንደሚመጣ አውቀው ይጠብቁታል። ስለ እናንተ ይህን ያህል እንኳ ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ቃሉ ልምጣ። መጋቢት 29 ዕቃውን ሳስረክብ ያው ልጅ ነው የተቀበለኝ። «ለፋሲካ ይደርሳል ወይ? ካልደረሰ አልልክም» አልኩት፣ በዚሁ አፌ። «አቦ አታስቢ፣ ለጸሎተ ሐሙስ እጇ ይገባል» አለ። ተጠራጠርኩ መሰለኝ ደረሰኙን ገልብጦ «ሚያዝያ 9» ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈና ፈረመበት። ደረሰኙ አለኝ። ፎቶውን ሁለቴ ልኬላችኋለሁ፣ ሁለቴም አይታችሁ ዝም ብላችኋል።

አድራሻ ሲሞላ «ሲስተሙ ላይ ዛንዚባር የሚል የለም፣ ዳሬሰላም ብለን እንሙላው» አለኝ። «ደሴት ነው እኮ፣ ባሕር አለ መሃሉ ላይ» ስለው «ታንዛኒያ ነው አይደል? እዚያ ሲደርስ ያውቁታል» አለ። ታንዛኒያ የሚለው ስም ራሱ እኮ ታንጋኒካና ዛንዚባር በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዋሐዱ ከሁለቱ ስም ተቆንጥሮ የተሠራ ነው። «ዛን» የምትለዋ እዚያው ስሙ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ያላያት የእናንተ ሲስተም ብቻ ነው። በኋላ ስሰማ ዕቃዬ ዳሬሰላም ቁጭ ብሏል፤ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚሆን ባሕር ለመሻገር አንድ ወር አልበቃውም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ ዛንዚባር የሚበር አውሮፕላን እያለ ለምን በዚያ እንደዞረ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ደግሞ ያቺ ቅዳሜ! ሐሙስ ማታ፣ ራሱ ቃል በገባባት ቀን፣ ደወለልኝና «ደርሷል፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት ከተማ ካለው ወኪላችን ትውሰድ» አለ። እልል ነበር ያልኩት። ከጃምቢያኒ እስከ ከተማው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከድሬ ሐረር እንደማለት። ዳላዳላ በሚሉት ሚኒባስ፣ በዚያ ዝናብ፣ ጾም ላይ ሆና፣ ለፋሲካ ዋዜማ ሄደች። በ4 ሰዓት በሩ ላይ ነበረች። በስምሽ የመጣ የለም አሏት። ስቶን ታውን የሚሏት አሮጌዋ ከተማ የእኛን የሐረር ጁገል ትመስላለች፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ፣ በሩ ሁሉ የተቀረጸ፣ ሰው ደጁ ላይ ባለ የድንጋይ መቀመጫ ተቀምጦ ያወራል። እሷም እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች። እኔ ወደ ልጁ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «4 ሰዓት ያልኩት በፈረንጅ ነው፣ ከሰዓት ማለቴ ነው።»

እስቲ በአላህም በማርያምም! ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ ተቀምጦ፣ በአማርኛ እየተናገረ፣ ለድሬ ልጅ «4 ሰዓት» ሲል በፈረንጅ ነው? ይባስ ብሎ ደግሞ እዚያ ደሴት ላይ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ቀጥሎ 1፣ 2። በስዋሂሊ «ሳአ ንኔ» ካሉ የጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ የእኛው 4። ከቤተሰብ ርቃ ከሄደች ወዲህ ሰዓት በመቁጠር እንኳ አልተቸገረችም፤ ሰዓቱን ያጠፋባት የገዛ አገሯ ድርጅት ነው። እሺ ብላ በፈረንጁ 4ም ጠበቀች። በእኛ 10 ሰዓት ማለት ነው። ምንም አልመጣም። ባዶ እጇን በመጨረሻው ዳላዳላ ተመለሰች።

በማግስቱ ፋሲካ ነው። መንደሩ እስላም ነው፣ በዓሉ የእሷ ብቻ ነው። አብረዋት አረም የሚያስሩትን ሴቶች የአገሬን ዶሮ ወጥ አበላችኋለሁ ብላ ጠርታቸው ነበር፣ ዶሮውንም ቀድማ ገዝታ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ትልቁን ዝናብ እዚያ «ማሲካ» ይሉታል። ስደውልላት «እዚህ ፋሲካ የለም፣ ማሲካ ነው ያለው» ብላ ቀለደች። ድምፅዋ ግን ታንቆ ነበር። ዶሮውን በኮኮናት ወተት ሠራችው። ፎቶውን ለእኔ ብቻ ላከችልኝ፣ ነጭ ነው፣ እንቁላሉ እንኳ ከወጡ አይለይም።

ምክንያቱም እናታችን አታውቅም። በርበሬውን ከፊራ ገበያ ወርዳ መርጣ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አድርቃ፣ ደልዛ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ ያስፈጨች እሷ ናት፣ በዚያ ጉልበቷ። በየቀኑ «ደረሰ?» ስትለኝ ለሐሙስ ደርሷል ብዬ ዋሸኋት፣ ከልጃችሁ የወሰድኩትን ውሸት ነው ያቀበልኳት። ለበዓሉ በስልክ «ቀላልሽ በርበሬው?» ስትላት እህቴም «ኧረ እማዬ፣ ደም ነው የመሰለው» አለቻት። እኔ ያንን ነጭ ዶሮ በስልኬ ይዤ እዚያው አጠገቧ ቆሜያለሁ። ይህንን የትኛው መስኮት ላይ አመልክቼ ካሳ እንደምጠይቅ ንገሩኝ።

ዓሣማ ትበላለች። ስምንት ወር ሙሉ ዓሣና ሩዝ ስትበላ ነው የኖረችው፣ የልጁ ምክር አልቀረባትም።

እስከ ትናንት የምፈልገው ዕቃው የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን 2,300ውን ብር አልከፍልም። የከፈልኩት 11,400 ብር ይመለስልኝ፣ ዕቃውም በእናንተ ወጪ፣ ዛንዚባር ተብሎ በግልጽ ተጽፎበት፣ እንደገና ይላክ። ሽሮው ወይም ዳቦ ቆሎው እርጥበት ነክቶት ከሆነ ዋጋውን ትከፍላላችሁ፣ የእናቴን ድካም ግን ዋጋ አላወጣለትም። ደግሞ ልጁ እህቴን ይቅርታ ይጠይቅ። በደብዳቤ አይደለም፣ «ቅር ከተሰኙ» የሚለውንም አልቀበልም፣ በራሱ ድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም ይላክላት። እኔን ሳይሆን እሷን። 

በሰባት የሥራ ቀን መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከነደረሰኙ፣ ከነፊርማው፣ ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። በ2006 የወጣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሚባል ነገር እንዳለ ጎረቤቴ ጠበቃ ነግሮኛል። ንግድ ቢሮ ካልሰማኝ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ፣ በባቡርም ቢሆን።

ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቤት ስመዝነው 6 ኪሎ ከሩብ የነበረው ዕቃ እናንተ ሚዛን ላይ 7 ሆኗል። ከ7 ሰዓት በኋላ ስልካችሁ አይነሳም፤ በርጫ ሰዓት መሆኑን ድሬ ላይ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ደጃችሁ ላይ «እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነን» የሚለውን ቢያንስ አንሱት። ቬንትሌተሩ ይሠራ። ካርቶኑን ለማሸግ ያስከፈላችሁኝ የስኮች 150 ብርም ከ11,400ው ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የከፈልኩት፣ እሱንም ጨምሩበት።

ከሰላምታ ጋር
የደረሰኙ ባለቤት፣ ከሳቢያን