እማዬ፣ የጀሞውን ቤት እንዳትሸጪው

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው። ባለፈው «የጀሞውን ኮንዶሚኒየም ሸጬ ብሩን ልላክልህ፣ እዛው ሁለተኛ ቤት ግዛበት» ስትዪኝ ደንግጬ ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ በስልክ ደግሞ ሁሌ ስለምንጨቃጨቅ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ «ቶኪዮ ላይ ቤት ገዛ» እያለ ነው አሉ። መሀል ከተማ እኮ አይደለም፣ ታማ ኒው ታውን የሚባል መሀል ቶኪዮ ካለው ከሺንጁኩ ጣቢያ በባቡር ሠላሳ ምናምን ደቂቃ ወደ ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በፈረንጆቹ 1971 ነው፣ ያኔ ጎረምሳ የነበሩት አሁን ካንቺ ይበልጣሉ፣ ልጆቻቸው ወጥተው ቀርተዋል። የኔ ህንጻ የ1983 ነው፣ አምስት ፎቅ፣ ሊፍት የለውም፣ ቤቱ አራተኛ ላይ። ልክ እንደ ጀሞው! ደረጃውን ስወጣ ሳቄ መጣ፣ ደላላው ግራ ገባው። 1983 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ከጁን 1981 ወዲህ ፈቃድ ያወጣ ህንጻ በአዲሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ ነው የሚሰራው፣ ከዛ በፊት ያለውን በነጻ ቢሰጡኝም እፈራለሁ።

ውስጡን ግን አላየሁትም። አትሳቂ። ተከራይ እያለበት ነው የተሸጠው፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት ገብተሽ ማየት የለም፣ ያለ በቂ ምክንያት ውጣልኝ ማለትም ህጉ አይፈቅድም።

ዋጋው 5.2 ሚሊዮን የን ነው፣ ኪራዩ በወር 48 ሺ። በዓመት ስታሰቢው የዋጋው 11 ፐርሰንት ይመጣል፣ ደላላው የሚያሳይሽ ይሄን ብቻ ነው። ከዛ ላይ ግን የህንጻው መዋጮ 19,500፣ ለአከራይ ቢሮው 2,400፣ ግብሩ ደግሞ በወር ሲካፈል 3,300 ገደማ ይወጣል፣ እጄ የሚገባው 22,800 አካባቢ ነው፣ 5 ፐርሰንት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ተከራዩ የወጣ ቀን እሱም የለም።

መዋጮው አንቺ የምታውቂው ነገር ነው፣ እድር በይው። ህንጻው በየ12 በየ15 ዓመቱ ትልቅ ጥገና አለው፣ ለሱ በየወሩ ይጠራቀማል፣ ቤቱ ባረጀ ቁጥር መዋጮው ይጨምራል። የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው ውዝፍ ካለ ደግሞ የገዛው ሰው ላይ ነው የሚመጣው! ስንት ዓመት የእድር ገንዘብ ያዥ ሆነሽ ደብተር ስታገላብጪ እያየሁ አድጌ የለ፣ እኔም ከቤቱ በፊት የህንጻውን መዋጮ ደብተር አምጡ አልኩ። አንድ ሌላ ርካሽ ቤት አግኝቼ ነበር፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ ሳገኘው ተውኩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እዚህ እንዲህ ዓይነቱ የዳር ሰፈር ቤት ሲያረጅ ይረክሳል እንጂ አይወደድም፣ እኔም ትርፍ አገኝበታለሁ ብዬ ሳይሆን ለኪራዩ ብቻ ነው የገዛሁት፣ እነዛ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ ማን እንደሚገባበት እንጃ። በራሴ ገንዘብ ነው ይህን የሞከርኩት፣ ባንክም አልተበደርኩም፣ ቢከስር እኔው ነኝ። የጀሞው ኪራይ ግን ያንቺ መድኃኒት ነው፣ የስኳርሽ፣ የሠራተኛዋ ደሞዝ። እሱን ሸጠሽ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ የማታዪው ቤት ምን ያደርግልሻል?

ደላላ ነግረሽ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ቀርቷል በይው፣ ቢያስቸግርሽ ቁጥሩን ላኪልኝ እኔ አናግረዋለሁ።

ልጅሽ