ለወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ራስ ምልከታ ደብተርና ስለ «ቁጥሩ»

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የልጆችን «ቁጥር» አለመጠየቅን ይመለከታል

የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍያ እንደተለመደው በባንክ ገቢ ሆኖ ደረሰኙ ለሒሳብ ክፍል ይቅረብ፤ የ12ኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያም ይቀጥላል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የምንሰጠው የራስ ምልከታ ትምህርት ቅሬታ አስነሥቷል። ትምህርቱ ኤኒያግራም በሚባል ዘዴ ይታገዛል፤ «ቁጥር» የሚባለውም ዘዴው ለዘጠኙ የጠባይ ዓይነቶች የሰጠው መጠሪያ ነው። በዚያ ሰዓት ልጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ የምትወስዱ አላችሁ፤ ሳታስፈቅዱ የምትወስዱም አላችሁ። ቅሬታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ልጄን ኮከብ ቆጠራ አስተማራችሁብኝ» ይላል። ሌላው ወገን ቢሮ ድረስ መጥቶ «የልጄ ቁጥር ስንት ነው? ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠኝ፣ የ11ኛ ክፍል ምርጫዋን ልወስንበት ነው» ይላል። ሁለቱም ወገን ለልጁ አስቦ እንደሚናገር አንጠራጠርም። ሁለቱም ግን ለቁጥሩ የሌለውን ሥልጣን ሰጥተውታል።

ኤኒያግራም የሰውን ጠባይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ በተቆጠሩ ዓይነቶች የሚከፍል ዘዴ ነው። የሚከፍለውም ሰው በሚያደርገው ነገር ሳይሆን ነገሩን በሚያደርግበት ምክንያት ነው። ሦስት ተማሪዎች እስከ እኩለ ሌሊት የሒሳብ የቤት ሥራ ይሠራሉ እንበል። አንዷ ሥራውን ከጨረሰች ቆይታለች፤ አንድ መስመር ላይ ስርዝ ድልዝ ስላለ ገጹን ቀድዳ ጥላ እንደ አዲስ እየገለበጠች ነው። ሁለተኛው ነገ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ክፍሉ ሁሉ እያየው መሥራት ይፈልጋል። ሦስተኛው «መምህሩ ድንገት ቢጠሩኝስ? ባላውቀውስ? ወላጅ አምጣ ብባልስ?» እያለ ነው። እናት በሩን ከፍታ ብታይ ሦስቱም ጎበዞች ናቸው። በዚህ ዘዴ ግን የመጀመሪያዋ ወደ አንድ፣ ሁለተኛው ወደ ሦስት፣ ሦስተኛው ወደ ስድስት ያዘነብላሉ። የሚያሻቸው ምክርም ይለያያል። ሦስተኛውን «አይዞህ፣ ብትሳሳት ምንም አይደል» ማለት ያሳርፈዋል፤ የመጀመሪያዋን «በርቺ» ማለት ግን ሸክም መጨመር ነው።

ምክንያቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ወላጅም መምህርም የምናየው ከውጭ ያለውን ነው። ትምህርት ቤቱ የማንንም ልጅ ቁጥር የማይመዘግበው ለዚህ ነው። የሌለንን መረጃ ማኅተም አድርገን ልንሰጥ አንችልም።

«ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ምን ትሠራላችሁ?» ለምትሉን ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ እንዲጠራጠሩ እናስተምራለን። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን የጠባይ መጠይቅ አስሞልቶ፣ ውጤታችሁ ነው ብሎ ለእያንዳንዳቸው ጽሑፍ ሰጣቸው። ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 መጣ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። እኛም ያንኑ በክፍል እንሠራዋለን፤ ልጆቹ ነጥብ ከሰጡ በኋላ ወረቀቱን ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይለዋወጣሉ። ለማንም የሚስማማ አነጋገር «ይህማ እኔ ነኝ» ሊያሰኝ እንደሚችል በዓይናቸው ያያሉ። ከዚህ በኋላ ኮከብ ቆጣሪ በቀላሉ አያታልላቸውም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቁጥር የሚባል ነገር አይነሣም። ልጁ ማታ ለ10 ደቂቃ ያህል በደብተሩ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ ምን ሆነ፣ ሰውነቴ ላይ ምን ተሰማኝ፣ ሳላስብ ምን አደረግኩ። «ወንድሜ ቻርጀሬን ሳይጠይቀኝ ወሰደ። መንጋጋዬ ጠበቀ። ምንም አላልኩም፤ ራት ሲቀርብ ግን አልበላም አልኩ።» ይህ ለምሳሌ ያህል ነው። ሁለተኛው መስመር ይቅር እንዳትሉን፤ ዘጠኙ ዓይነቶች በሦስት በሦስት የሚመደቡት እሱ በሚጠቁመው ስሜት ነው። ስምንት፣ ዘጠኝና አንድ ከንዴት ጋር፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት ከእፍረት ጋር፣ አምስት፣ ስድስትና ሰባት ከፍርሃት ጋር ይያያዛሉ። ልጅ «አልተናደድኩም» ሊል ይችላል፤ መንጋጋው ግን ይነግረዋል።

በአራተኛው ሳምንት ዘጠኙን መግለጫዎች ያነባል። በፍጹም እኔ አይደለሁም የሚላቸውን ሰርዞ ሦስት ያስቀርና ከደብተሩ ጋር ያስተያያል። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል፤ የሚያምረውን ይመርጣል። ስምንት ጀግና ስለሚመስል ወንዶቹ ይሻሙበታል፤ አራትም አርቲስት ስለሚያስመስል ብዙ ፈላጊ አለው። መምህራችን የሚጠይቁት «የትኛውን ወደድከው?» ብለው አይደለም፤ «የትኛውን ስታነብ ከፋህ?» ብለው ነው። በስልክ በቴሌግራም የሚዞረውን የአምስት ደቂቃ ጥያቄ የከለከልነውም ልጁ ዛሬ ደስ ሲለው አንድ ውጤት፣ ነገ ሲከፋው ሌላ ውጤት ስለሚያመጣለት ነው።

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያለው ዋናው ሥራ ነው፤ ቅሬታ ያቀረባችሁ ወላጆች አንድም ቀን አላነሣችሁትም። ልጁ አንድ ልማድ ይመርጣል፣ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር በተቃራኒው ይሞክራል። ጠብ እንዳይነሣ ሁልጊዜ «ግድ የለም፣ እንዳላችሁ» የሚል ልጅ በቀን አንድ ጊዜ ምርጫውን በግልጽ ይናገራል። ሳትጠየቅ ሁሉን የምትረዳ ልጅ መጀመሪያ «ላግዝሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ እምቢ ስትባልም ትቀመጣለች። ገጹን ቀድዳ የምትገለብጠዋ ስርዙን እንዳለ ታስረክባለች። ሙሉ በሙሉ ካላወቀ አፉን የማይከፍተው ልጅ ግማሽ ያወቀውን ይዞ እጁን ያወጣል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ልጃችሁ በድንገት «እኔ ሽሮ ነው የምፈልገው» ቢል ባለጌ ሆነ ብላችሁ አትቆጡት። የቤት ሥራው ነው።

አሁን ወደ ሃይማኖት ጥያቄው እንምጣ። የኤኒያግራምን ምልክት ያስተዋወቀው ጉርጂየፍ የተባለ መንፈሳዊ መምህር ነው፤ ዘጠኙን ዓይነቶች ያደራጀው ቦሊቪያዊው ኦስካር ኢቻዞ ሲሆን የቺሊው የአእምሮ ሐኪም ክላውዲዮ ናራንሆ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ አስተምሮታል። እነዚህ ሰዎች ከዘዴው ጋር አያይዘው የተናገሩት መንፈሳዊ ነገር አለ፤ አልሸሸግንም፣ አናስተምረውምም። የምልክቱን ክብና መስመሮች ሰሌዳ ላይ አንሥልም። ከመስመሮቹ ስድስቱን የሚያያይዘው 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7 የሚለው ቅደም ተከተል አንድን ለሰባት ስናካፍል የሚወጣው ነው፤ ሒሳቡ ያምራል፣ የሰው ልጅ ጠባይ በዚያ መንገድ እንደሚሄድ ግን ማስረጃ የለም። ስምና የእናት ስም ተደምሮ ከሚቆጠረው ኮከብ ጋርም አንድ አይደለም። ያኛው ልጁ ሳይጠየቅ ዕጣ ፈንታውን ይነግረዋል፤ ደብተሩ ግን ትናንት ያደረገውን ይጠይቀዋል እንጂ ስለ ነገ አይናገርም። የንስሐ አባትን አይተካም፣ የሙስሊም ልጆቻችን የሚያውቁትን ሙሐሰባም (ራስን መመርመርን) አይተካም። ኅሊናውን በማታ መመርመር በሁለቱም ቤት የተከበረ ነገር ስለሆነ ይህን ትምህርት ደሴ ላይ ማስረዳት ሊከብደን አይገባም ነበር።

«ሳይንስ ነው ወይ?» ለሚሉ መልሳችን አጭር ነው፤ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጠባይን ሲለኩ በአብዛኛው የሚጠቀሙት «ቢግ ፋይቭ» የሚባሉትን አምስት የጠባይ መለኪያዎች ነው፤ እነሱም ሰውን በመጠን እንጂ በዓይነት አይመድቡም። ስለ ኤኒያግራም ያለው ጥናት ደካማ ነው። እኛም መለኪያ ነው አላልንም። መጠየቂያ ነው፤ ልጁ ስለ ራሱ ያልጠየቀውን ያስጠይቀዋል። ለዚህም ነው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው በቁጥር አይወሰንም ብለን ደጋግመን የምንለው። አምስት የሆነ ሁሉ ሐኪም አይሆንም፤ ሁለት የሆነች ሁሉ ነርስ አትሆንም። ምርጫው በውጤቷ፣ በፍላጎቷና ከእናንተ ጋር በምታደርጉት ምክክር ይወሰን።

«ጊዜ ያባክናል» ላላችሁም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜና በማታ 10 ደቂቃ ነው። ከስልኩ ላይ ይቀነስ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ቁጥሩ ቤት ውስጥ የሚውልበት ነው። «አንተ ዘጠኝ ስለሆንክ ነው የሰነፍከው» የሚል አነጋገር ልጆቹ እየነገሩን ነው። «ታላቅህ ሦስት ነው፣ አንተ ምን ሆነህ ቀረህ» የሚልም ሰምተናል። እባካችሁ ይህ ይቁም። ልጅ ጥፋት ሲያጠፋ ጥፋቱን ንገሩት፤ ቁጥር አትለጥፉበት። እሱም በተራው «ስምንት ስለሆንኩ ነው የተማታሁት» ሲላችሁ አትቀበሉት፤ እኛም አንቀበለውም። ቁጥሩ ልማዱን ያሳየዋል እንጂ ከቅጣት አያድነውም።

ሌላው ከዚህ የከበደ ነው። ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ልጅ አምስት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ በር ድው ሲል የሚደነግጥ ልጅ ስድስት ነው ይባላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እነዚህ ልጆች ሕፃናት ነበሩ፤ ያዩትን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ የቀረ ድንጋጤ ጠባይ አይደለም፣ ቁጥርም አይሰጠውም። ልጃችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፉ ከተበላሸ፣ ምግብ ከተወ፣ ይወደው የነበረውን ኳስም ሆነ ጓደኛ ከጠላ፣ የሌሊት ቅዠት ካስቸገረው ደብተሩን ተዉትና የምክር አገልግሎት ባለሙያችንን አነጋግሩ። ሐኪም የሚያስፈልገው ከሆነም እንነግራችኋለን። መሞት እፈልጋለሁ የሚል ቃል ካወጣ ሁለት ሳምንትም፣ የእኛ ቢሮ እስኪከፈትም አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ደብተሩን አታንብቡ። ይህን ስንል «ከእኔ የሚደበቅ ምን ነገር አለው?» እንደምትሉ እናውቃለን። ወንድሙ ቻርጀሩን መውሰዱን የጻፈው ልጅ እናቱ እንደምታነበው ካወቀ በማግስቱ የሚጽፈው «ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር» ብቻ ነው፤ ያኔ ደብተሩም ትምህርቱም ባዶ ይሆናሉ። መምህሩም አያነቡትም፤ የሚያዩት ሦስቱ መስመሮች መሞላታቸውን ብቻ ነው። ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ልጁን ጠይቁት፤ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «በዚህ ሳምንት ምን እየሞከርክ ነው?» ብላችሁ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ ልጄ ከትምህርቱ ይውጣ የምትሉ መብታችሁ ነው። ቅጹን ከጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ፣ ሁለቱም ወላጆች ወይም አሳዳጊው ፈርማችሁ፣ እስከሚቀጥለው ረቡዕ መልሱ፤ ልጁ ሐሙስ በዚያው ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ያጠናል፣ ውጤቱም አይነካበትም። ቅጽ ሳይሞላ ከበር የሚወሰድ ልጅ ግን ከእንግዲህ እንደ ቀሪ ይመዘገባል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦ ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ለምክር አገልግሎት ክፍል