እሳት አደጋ እስኪደርስ፦ የቀይ መስቀልና የአደጋ ዝግጁነት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን መስከረም ላይ ያቀደው የወትሮውን ነበር፤ አዲስ አባላት መመዝገብ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና መስጠትና የደም ልገሳ ቅስቀሳ ማድረግ። ዓመቱ ግን ሌላ ሥራ ሰጠን። ጥቅምት 11 ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ። ከተማሪዎቻችን መካከል ወላጆቻቸው እዚያው አካባቢ የሚነግዱ አሉና በዚያው ሳምንት ስብሰባችን ላይ ስለ ሌላ ነገር መነጋገር አልተቻለም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «እሳት አደጋ እስኪደርስ ድረስ እኛ ምን እናደርጋለን?» ስትል ጠየቀች። የዓመቱ ሥራችን በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የወጣ ነው።

ሸማ ተራ ላይ የመንገዱ መጥበብና መጨናነቅ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች እንቅፋት እንደነበር በወቅቱ ተነግሯል። የኛ ተማሪዎች የሚኖሩባቸው የግንፍሌ፣ የቀበናና የሠራተኛ ሰፈር ጓሮዎችም ከዚያ ብዙ አይሻሉም። ስለዚህ አባላቱ በቡድን ተከፋፍለው የየሰፈራቸውን ካርታ በእጃቸው ሣሉ። መኪና የሚያስገባው መንገድ የቱ ጋ ያበቃል? ሮቶ ያለው ማን ቤት ነው? የግቢው በር ማታ ሲቆለፍ ቁልፉ የሚያድረው የት ነው? ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ የማይነሡ አረጋውያን በየትኛው ቤት አሉ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ጨመሩት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ከካርታዎቹ አንዳንዶቹ ገና ሳያልቁ መታረም ነበረባቸው። በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ስለሄደ፣ «ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው» የተባሉት ሰው ዛሬ በሰፈሩ የሉም።

ካርታው በእጃችን ሲገባ የት እንደምንሄድ ግልጽ ሆነ፤ ወደ እድሮቹ። በኔ እምነት አዲስ አበባ ውስጥ ለአደጋ ዝግጁነት ከእድር የተሻለ መሠረት የለም። የአባላቱን ስም ዝርዝር ይዟል፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለው፣ በአንድ ጥሪ ሰፈሩን የሚሰበስብ ሰው አለው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት የሚገኝበት ብዙ ነው። እስካሁን ሥራው የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኛ የጠየቅነው ያው ዝርዝርና ያው ጥሪ ሰው ሳይሞትም እንዲያገለግል ነው። የአንዱ እድር ዳኛ ነገሩን በጥሞና ከሰሙ በኋላ ወርኃዊ ስብሰባቸው ላይ ሰዓት ሰጡን፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሥልጠናውን የሰጡት ቀደም ሲል በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ የሠለጠኑት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ልጆች እናቶቻቸውን ሲያስተምሩ ማየት ያስደስታል። ነጠላ አጥፎ የተሰበረ ክንድ አንገት ላይ ማንጠልጠል እናቶቹ ከልጆቹ ቀድመው ያዙት። ክርክር የተነሣው ስለ ቃጠሎ ነው። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የተፈጨ ቡና፤ ሁሉም የሚቀባውን ተናገረ። አንዲት እናት «ዕድሜ ልካችንን ያደረግነው ነው፤ ዛሬ ምን ተገኘ?» አሉ። ልጁ በአክብሮት መለሰላቸው፤ የተቀባው ነገር ሙቀቱን ሥጋ ውስጥ አፍኖ ያቆየዋል፣ ቁስሉንም ለመመርቀዝ ያጋልጣል፤ የሚሻለው ወዲያው ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማብረድ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧው ደረቅ ሲሆንስ?» የሚል ነበር። እውነተኛ ጥያቄ ነው። የተስማማንበት መልስ በየቤቱ አንድ ክዳን ያለው ጀሪካን ለዚሁ ብቻ ተሞልቶ እንዲቀመጥና ከሱ በኩባያ እየቀዱ ማፍሰስ እንዲለመድ ነው።

በየእድሩ ሳይጠቀስ ያልታለፈ ሌላ ነገር ከሰል ነው። በክረምት ብርድ ምድጃውን ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ስለዚህ ጉዳይ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት፤ ትክክል ናቸው። ዘይት ሲነድ ውኃ አለመድፋትን፣ ክዳን ገጥሞ ማፈንን፣ የኤሌክትሪክ እሳት ሲነሣ መጀመሪያ ብሬከሩን ማጥፋትን ደግሞ በተግባር አሳዩ። ልብና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚደረገውን 30 ጊዜ ደረት መጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት በማሠልጠኛ አሻንጉሊት ተለማመድን። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ መንበርከክ የሚከብዳቸው እናቶች ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር።

ከታኅሣሥ ጀምሮ መሬቱም ተጨመረ። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ፣ ከከተማችን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከመሬት በታች የሚንቀሳቀሰው ቅልጥ ዓለት ያስነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ተማሪዎች ሌሊት በደረጃ ሲወርዱ የነበረውን ግፊያ ነገሩን። የጂኦግራፊ መምህራችን ከተማችን በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ እንዳለችና በ1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ትልቅ መንቀጥቀጥም እዚህ ተሰምቶ እንደነበር አስረዱ። ከዚያ ልምምዱ መጣ። በሚኒ ሚዲያው ምልክት ሲሰጥ ተማሪው ዝቅ ይላል፣ ዴስክ ሥር ገብቶ ራሱንና አንገቱን ይሸፍናል፣ የዴስኩን እግር ይዞ ይቆያል፤ የሚወጣው ንቅናቄው ሲያቆም ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ሁሉም ወደ ደረጃው ሮጠ። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው ያንኑ ነውና ይህ የሚለወጠው በመደጋገም ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳይነገራቸው ቦታቸውን ይይዙ ነበር። በዚሁ ምክንያት ተቆልፎ የሚውለው ሁለተኛው የደረጃ በር በትምህርት ሰዓት እንዲከፈት አስተዳደሩ ፈቅዷል፤ ከልብ እናመሰግናለን።

ግንቦት ላይ ከወረዳው ወጣቶች ጋር የግቢያችንን ዙሪያና ወደ ግንፍሌ ወንዝ የሚወርደውን ቦይ አጸዳን። ታናናሾቻችሁ ክረምቱን ወንዝ ዳር አይዋሉ፤ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰውን እንኳ ሊጥል ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይዞ ፎቶ መነሣት አያዘጋጅም። እጅ ያልደጋገመውን ይረሳል፤ ያውም በወራት ውስጥ። ስለዚህ ለ2018 ዓ.ም. ያቀረብነው ዕቅድ አዲስ ርዕስ አልጨመረም። እነዚያው እድሮች ዘንድ ተመልሰን ያንኑ ሥልጠና እንደግማለን፣ ካርታዎቹን እናድሳለን፣ በየጓሮው ለእሳትና ለመንቀጥቀጥ ኃላፊነት የሚወስዱ ሁለት ጎረቤቶች እንዲመረጡ እንጠይቃለን። የክፍል ኃላፊ መምህራንም በየወሩ አንድ የልምምድ ሰዓት እንድትለቁልን ጥያቄያችንን በጽሑፍ አስገብተናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ይዘውት የመጡት ወረቀት በር ላይ ይለጠፍ፤ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ስትደውሉ ከቤት ቁጥር ይልቅ ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት ንገሩ፤ አንድ ሰውም ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን ይቀበል። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ በሚኒ ሚዲያ ክፍል ይካሄዳል።