ለዚያች 20 ዩሮ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

አንተ ሰው፣ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? የእናትህ ጉልበት ተሻላቸው?

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደብዳቤ ስልክልህ «ምን ፈልጎ ነው?» ማለትህ አይቀርም። ምንም አልፈለግኩም። እሺ፣ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፣ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ልደውል ብዬ ስልኩን ስንቴ እንዳነሳሁት ብታውቅ። ቴክስትም ሁለቴ ጀምሬ አጥፍቻለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ሰላም ነው?» ብሎ መጀመር ያሳፍራል ባክህ።

ነገሩ የዚያች ሸክላ ነው። ረስተኸው ከሆነ እሰየው፣ እኔ ግን አልረሳሁትም።

በ2015 ጥቅምት ላይ ለልደቴ የጥላሁንን ትንሿን ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ ስለምትዞር 45 የምንላትን፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ላክህልኝ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ እንደ ልማድህ እውነቱን ጻፍክ፦ ስጦታ፣ 90 ዶላር። እኔ ጋ የደረሰው ግን እቃው ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ጉምሩክ መጥተህ ውሰድ ይላል። ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ፣ ሁለት ባቡር ቀይሬ ሄድኩ። ቁጥር ወስጄ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ስሜ ሲጠራ ሰውየው ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቢላ ሰጠኝ። «ክፈተው» አለኝ። እዚህ እነሱ አይከፍቱትም፣ ራስህ ነህ የምትከፍተው። ፕላስተሩን ስቀድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሸክላዋን እንዳልጭራት ብዬ። አንተ ደግሞ በሁለት ወፍራም ካርቶን መሃል አድርገህ፣ በፌስታል ጠቅልለህ፣ ዙሪያዋን ጋዜጣ ጠቅጥቀህበታል። ሰውየው በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ አያት። «ይሄ ይሠራል?» አለኝ።

ይሠራል አልኩት። ከዚያ ሕጉን ነገረኝ። ሰው ለሰው የሚልከው ስጦታ ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ነው። ያንተ ደግሞ እጥፍ ያህል ነበር። ታክሱ ወደ 20 ዩሮ መጣ። ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ደወልኩልህ። አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ ምን እንዳልኩህ ታውቀዋለህ። «ስጦታ ልከህ ዕዳ ላክህብኝ፣ 40 ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?» አልኩህ። አንተም ረጋ ብለህ እቃው ኢንሹራንስ እንደተገባለት፣ 40 ብለህ ብትጽፍና መንገድ ላይ ቢጠፋ የሚተኩልህ 40 ብቻ እንደሆነ አስረዳኸኝ። ትክክል ነበርክ። እኔ ግን ቀጠልኩ። የግማሽ ቀን ደሞዜን ሁሉ ሳልቆጥርልህ አልቀረሁም። ዝም አልክ። ከዚያ «እሺ በቃ፣ ሁለተኛ አልልክም» አልከኝ። ድምፅህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሸክላዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። በእልህ ዓመት ያህል አልነካኋትም። አንድ ቀን በረዶ ሲጥል፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ አወጣኋት። ከአንድ ጡረተኛ በ30 ዩሮ የገዛሁት አሮጌ ማጫወቻ ነበረኝ። ሌብሏ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «1965» ተጽፎባታል፣ የዚያን ጊዜ ባለቤቷ ይሆናል የጻፈው። መርፌዋ ስታርፍ መጀመሪያ ያ እንደሚጠበስ ቅቤ የሚንጫጫው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ጥሩምባዎቹ፣ ከዚያ እሱ። ቀበና አባትህ ሳሎን ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። እሳቸው «እንዳትነኩ!» ብለው ሲወጡ ቀድመን የምንነካውን ማጫወቻ ታስታውሳለህ አይደል?

ከዚያች ማታ ወዲህ ለይቶልኛል። ደሞዝ በገባ ቁጥር ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ነው የማድረው። እናም ያኔ አንተን የጮህኩብህ ነገር ምን እንደሆነ ከኪሴ እየከፈልኩ ተማርኩት። ስቀህ አንብበው።

እዚህ ላይ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። እስከ 2021 ሐምሌ ድረስ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ከ22 ዩሮ በታች የሆነ እቃ ታክስ አይከፈልበትም ነበር። አንድ ሁለት ርካሽ ሸክላ እንደዋዛ ታልፍ ነበር። ያ ቀረ። አሁን ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ታክስ አለ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ እንግሊዝ ጠቅልላ ወጣች። እንደ ጎረቤት ሱቅ የማያት ለንደን ለጉምሩክ ከቶኪዮ እኩል ሆነች በለኝ። የእኛን አገር ሙዚቃ እንደገና ከሚያሳትሙት ጎበዞች አንዳንዶቹ እዚያ ናቸው፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

አሁን ሒሳቡን እየው። አንዲት ትልቅ ሸክላ በ20 ዩሮ ታያለህ። ርካሽ ናት ትላለህ። መላኪያ 16። ታክሱ እዚህ 19 ከመቶ ነው፣ ግን በ20ው ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። በፖስታውም ላይ ነው። አዎ፣ በፖስታ ዋጋ ላይ ታክስ ትከፍላለህ! ስለዚህ የ36 ዩሮ 19 ከመቶ፣ 6 ዩሮ ከ84 ሳንቲም። ይሄንን ታክስ አጓጓዡ ስለ አንተ ቀድሞ ስለከፈለልህ ደግሞ ለደግነቱ ሌላ 6 ዩሮ ይጠይቅሃል። ደመረው። 49 ዩሮ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የ20 ዩሮዋ ሸክላ ማለት ነው።

ሻጩ ታክሱን ስትገዛ እዚያው ተቀብሎ ለመንግሥት ካስገባልህ ያቺ 6 ዩሮ ትቀራለች። ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፣ እቃው ከ150 ዩሮ ካልበለጠ። ጥሩ ነው እላለሁ፣ ሲሠራ። አንዴ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ፣ ታክሱን ኦንላይን ከፈልኩ፣ ሻጩ ግን የታክስ ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ሳያስገባ ላከው። ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ «ታክስ» አለኝ። ከፍያለሁ ብል ማን ይስማኝ። ደግሜ ከፈልኩ። ከድጡ ወደ ማጡ። ገንዘቡን ለማስመለስ የጻፍኩት ኢሜይል ቢታተም ይቺን ደብዳቤ ያክላል፣ እስካሁንም መልስ የለም።

ከናንተ አገር መግዛትማ ሌላ ጣጣ ነው። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለመጽሐፍና ለሸክላ የሚሆን ርካሽ ፖስታ አላችሁ፣ ሚዲያ ሜይል። ሻጮቹ እሱን ስለለመዱ ወደ ውጭ ላክልኝ ስትላቸው ራሳቸውም ዋጋውን አይተው ይደነግጣሉ። ሚዲያ ሜይል ባሕር አይሻገርም። በመርከብ የሚሄደው ቀርፋፋው ፖስታ ደግሞ በ2007 ቀርቷል። የቀረው አየር ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ሩብ ኪሎ ያህል ነው፣ ደህና ካርቶን ሲጨመርበት ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ያንተ ትንሿማ 40 ግራም ብትመዝን ነው።

ታዲያ ዘዴው አብሮ ማዘዝ ነው። ለአንድ ሸክላ መላኪያ 28 ዶላር የጠየቀኝ ሰውዬ ለአምስት 45 ነው ያለኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አምስት ሰበሰብኩ። ሲደመር ከ150 ዩሮ በለጠ፣ ያ የታክስ ማቅለያ ሥርዓትም ቀረ። ሁለት አስወጣሁ። ስለዚህ ፖስታው ሰብስብ ይልሃል፣ ጉምሩኩ በትን ይልሃል። እኔ አሁን በሦስት በሦስት ነው የማዘው። ባለቤቴ ኮንትሮባንዲስት ነው የምትለኝ።

የአስተሻሸጉን ነገር አልንገርህ። አንድ ጊዜ በፒዛ ካርቶን ተልኮልኛል። እውነቴን ነው፣ የዘይቱ ምልክት ሳይቀር አለበት። አሁን ሁሉንም ሻጭ አስቀድሜ እለምናለሁ፦ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥተህ ከጎኑ አድርግልኝ። ውስጡ እንዳለ ከተላከ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የሽፋኑን ጠርዝ ከውስጥ ይቀደዋል። አንተ ግን ማንም ሳይነግርህ ያንን ሁሉ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ነበር። ስከፍተው አንድም ቃል አልነገርኩህም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳነብ አገኘሁ፣ ለአንተ ልንገርህ ብዬ የያዝኩት። ያ የምንሰስትለት ሸክላ እኮ ራሱ ብዙው ከውጭ ነው የመጣው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስ የሚባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲጀምር ዘፈኑ አዲስ አበባ ይቀዳል፣ ሸክላው ግን መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ነው የታተመው። ታትሞ ተመልሶ በጉምሩክ ይገባል። በዚያ ላይ ሸክላ የማስመጣቱና የማሳተሙ መብት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ሰውየው ግን የመጣው ይምጣ ብሎ አሳተመ። ያውም ሃያ ምናምን ዓመቱ ላይ። እኔ ለ20 ዩሮ አንተ ላይ ጮህኩ።

እና ባለፈው ሐምሌ የአባትህን ሸክላ አገኘሁት።

ያንን የማሕሙድን። ለጎረቤት አውሰዋት ሳትመለስ የቀረችውን፣ ነፍሳቸውን ይማርና እስከ መጨረሻው ሲያነሷት የኖሩትን። አቴንስ ያለ ሰው ነው የሚሸጣት። 110 ዩሮ አለኝ፣ አልተከራከርኩም። ግሪክ ኅብረቱ ውስጥ ስለሆነች ጉምሩክ የለ፣ ታክስ የለ፣ ፖስታ 9 ዩሮ ብቻ። በሳምንቱ ደረሰች። ጠርዟ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፣ ግን አይዘልም፣ ሁለቱንም ገጽ ሰምቻለሁ።

ነሐሴ ላይ ጠቅልዬ፣ ያንተን አሠራር ኮርጄ፣ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ አድራሻውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ድረስ ያለ ቀረጥ ታስገባው የነበረውን እቃ ከፈረንጁ ነሐሴ 29 ጀምሮ አቆማለሁ ስላለች፣ ማን ይሰብስበው፣ እንዴት ይከፈል የሚለው ሳይለይ ብዙ የአውሮፓ ፖስታ ቤቶች መቀበል አቁመው ነበር። ስጦታ ነው አልኳት። «ከ100 ዶላር በታች ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? 110 ዩሮ ነው የጻፍኩት። 40 ብዬ መጻፍ እችል ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2015 ላይ የመከርኩህ ምክር እኮ ነው። ያንተ ድምፅ መጣብኝና እቃውን አቅፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የሚያስቀው ደግሞ ሸክላ እንደ መጽሐፍ ስለሚቆጠር ከያኔው አዲስ ታሪፍ ነጻ ነበር። ቀረጥ የሌለበት እቃ ቀረጥ የሚሰበስብ ስለጠፋ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ መልሰው ጀምረዋል፣ ግን ያኔ ሌላ መንገድ አግኝቼ ነበር።

የእኛ ፖስታ መቼም ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ፣ ቨርጂኒያ ያለችው፣ ለሠርግ እዚህ መጥታ ነበር። ሐሙስ ትመለሳለች። ለፖስታ የተሰረዘው የ800 ዶላር ከቀረጥ ነጻ መብት ለተመላሽ ነዋሪ መንገደኛ እንዳለ ነው፣ አጣርቻለሁ፣ ደረሰኙንም አስይዣታለሁ፣ ዋጋው እውነተኛው ነው። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስለሞላ ሸክላዋን በእጇ ነው የምትይዛት፣ ከላይ ምንም እንዳትጭንባት አስምያታለሁ።

የምፈልገው ነገር ይኸው ነው፦ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ በእናንተ አቆጣጠር ዋሽንግተን ደላስ ኤርፖርት ትደርሳለች፣ ሄደህ ተቀበላት። ቁጥርህን ሰጥቻታለሁ። እና እባክህ የማጫወቻህን መርፌ ቀይር፣ በሦስት ዓመት አልቀየርካትም፣ አውቅሃለሁ። ስታስቀምጣት ደውልልኝ። ምንም አትበል፣ ስልኩን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አድርገው ብቻ።

ወንድምህ