ሁለት ሺህ ቮልት ያቃተው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። ባለፈው «ካፓሲታንስ፣ ያ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም፣ ከፈተና ውጪ ምን ይሠራል?» ብለሽኝ ካርዱ አለቀና ወሬው ተቋረጠ። መልሱ ረዘም ስለሚል ጻፍኩልሽ።

እ.ኤ.አ. በ1858 ከአየርላንድ ቫለንሺያ ደሴት እስከ ኒውፋውንድላንድ አትላንቲክን ያቋረጠ የቴሌግራፍ ገመድ ተዘረጋ። መሃሉ መዳብ ነው። በላዩ ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ ተለብጦበታል፤ ከዚያ የብረት ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ዙሪያው ጨዋማ ውኃ። መዳብ፣ ማገጃ፣ ውኃ... ገባሽ? ሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊዎች፣ መሃላቸው ማገጃ፤ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ካፓሲተር፣ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ማለት ነው!

ከዚህ ጫፍ የላክሽው ምልክት መጀመሪያ ገመዱን በኤሌክትሪክ መሙላት አለበት። እዚያ ሲደርስ ተንዘላዝሎ ከቀጣዩ ጋር ይደባለቃል። ያ በኋላ ሎርድ ኬልቪን በሚል ስም የምታውቂው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን ይህን ቀድሞ አስልቶታል፦ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የኩባንያው ኤሌክትሪሺያን ኋይትሃውስ፣ በሙያው ሐኪም የነበረው ሰውዬ፣ ሒሳቡ አልተዋጠለትም። ወደ 2,000 ቮልት ለቀቀበት። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክት 98 ቃላት ለመድረስ 16 ሰዓት ፈጁ። ገመዱም በሦስት ሳምንት ገደማ ጸጥ አለ። እርግጥ ገመዱ ገና ፋብሪካ ሲመረትም እንከን ነበረበት፤ ጥፋቱን ሁሉ በኋይትሃውስ ላይ መጫን ግፍ ይመስለኛል።

ቶምሰን የላኪውን ጉልበት ትቶ የተቀባዩን ዓይን ስል ማድረግ ፈለገ። ከጀርባዋ ማግኔት የተለጠፈባት ሚጢጢ መስታወት በሐር ክር በጥቅልል ሽቦ መሃል ሰቀለ። መብራት አበራባት። ደካማ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መስታወቷ በጥቂቱ ትዞራለች፤ ነጸብራቋ ግን መለኪያው ላይ በግልጽ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንን ነጥብ ያነባል። እኔ በበኩሌ ከገመዱ ይልቅ የምደነቀው በዚህች ዕቃ ነው።

በ1866 ግሬት ኢስተርን የምትባል ግዙፍ መርከብ የተሻለ ገመድ ዘረጋች። በአንድ የባሕር ማይል 48 ኪሎ ገደማ የነበረው መዳብ ወደ 136 ኪሎ ከፍ ብሏል። መዳቡ ሲወፍር ሬዚስታንሱ፣ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ጠባዩ፣ ይወርዳል፤ ይሄን አንቺው ታውቂዋለሽ። መርከቧ ባለፈው ዓመት ተበጥሶ የሰጠመውንም ገመድ ጎትታ አወጣችና ቀጠለችው።

ያኔ ላቲመር ክላርክ የሚባል መሐንዲስ ሁለቱን ገመዶች ኒውፋውንድላንድ ላይ አገናኝቶ፣ ከቫለንሺያ ምልክት ልኮ እዚያው ቫለንሺያ ተቀበለው። ባትሪው ምን መሰለሽ? ስፌት ሲሰፋ ጣት ላይ የሚጠለቅ የብር ቆብ፣ ቁራጭ ዚንክና ጥቂት ጠብታ አሲድ!

እስኪ በ3,000 እና በ6,000 ኪሎ ሜትር መዘግየቱን አነጻጽሪና ቅዳሜ ስትደውዪ ንገሪኝ። ካርዱን እኔ እሞላለሁ።

አባትሽ