ረዥሙን ዱላ ለጊዜው ተወው

ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን። የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቀዋለህ፣ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ነፋስ እስኪመጣ ሰው ከጥላ አይወጣም።

ለፋሲካ ስትደውል ድምፅህ ልክ አልነበረም። “ደክሞኝ ነው አባባ” አልከኝ፣ ዝም አልኩህ። በማግስቱ ሚስትህ ጋ ደወልኩና እውነቱን አወጣኋት። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያፋጠጥኳት። ጎልፍ እንደገና መጀመርህን፣ ቅዳሜ ዕለት ከጠዋት እስከ ምሳ ኳስ በባልዲ በባልዲ እየገዛህ ስትለጋ ውለህ ከመኪና መውረድ እንዳቃተህ፣ እሷና ጎረቤታችሁ ደግፈው እንዳስገቡህ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ከሥራም ቀርተሃል አሉ። አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው እኮ!

ከቁጣው በፊት ግን አንድ ነገር ልበልህ። መጀመርህ ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ለትንሿ ክርስትና ዴንቨር የመጣሁ ጊዜ ጋራዥህ ውስጥ፣ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ፣ ያ ሻንጣ ቆሞ አይቼው ነበር። “ይሄ ምንድን ነው?” ብልህ አንዱን ዱላ መዘህ አስያዝከኝ። መያዣው ላይ ያለው ጎማ ደርቆ ይንሸራተታል፣ ጥፍሬን ብተክልበት አልገባ አለኝ። የጎን ኪሱን ስትከፍት የደረቀ ሣርና አንድ ቢጫ የሆነች ኳስ ወጣች። እዚያው ቆመህ የእያንዳንዱን ዱላ ሥራ ስታስረዳኝ እናትህ ሁለቴ ለቡና ጠራችን፣ አልሰማሃትም። ከዚያ “አሁን ጊዜ የለም” ብለህ መልሰህ ከተትካቸው። ቀስ ብለህ ነበር የከተትካቸው። አይቼሃለሁ።

ስትጫወት ግን አንድም ቀን አላየሁህም። በትምህርት ቤት ቡድን ስትጫወት እኔ እዚህ ነኝ። ቪዛ አግኝቼ ስመጣ አንተ ከባድ መኪና ላይ ወጥተሃል። ይሄ ይቆጨኛል፣ ምን ይደረግ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ረዥሙን ዱላ፣ ያንን ድራይቨር የምትሉትን፣ ለጊዜው ተወው። ሌላው ሁሉ ይቆይና ይችን ብቻ ስማኝ። ሚስትህ እንደነገረችኝ ያን ቀን ያለማቋረጥ የለጋኸው በሱ ነው። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ያልነካኸውን ነገር በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ጉልበት! ተራ ተጫዋች እንኳ ሲያወዛውዘው የዱላው ጫፍ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል ሲሉ ሰማሁ። ያንተን መኪና በዚህ ፍጥነት ትነዳዋለህ? አትነዳውም። ታዲያ 46 ግራም ለማትሞላ ኳስ ወገብህን ለምን ትነዳዋለህ?

ደግሞ “ኳሷ እኮ እንደ ድሮው ርቃ ሄደች” ብለሃታል አሉ። አትታለል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኳስ ከቆላ አገር ይልቅ ይርቃል። እዚህ ጣና ዳር መጥተህ ብትለጋማ 1,800 ሜትር ገደማ ነን፣ የባሰ ይርቅልሃል። ከፍታው ነው እንጂ ጉልበትህ ተመልሶ አይደለም።

የታላቅ ወንድሜን ነገር ታውቃለህ አይደል? እናትህ ጫፍ ጫፉን ነግራህ ይሆናል። እሱ እንኳን በኛ ሰፈር፣ በሽምብጥም በማዶም የገና ተጫዋች ነበር። ዱላውን ራሱ ከወይራ ይቆርጣል፣ በእሳት እያሞቀ ያጎብጠዋል፣ ቅቤ እያሸ ያደርቀዋል፣ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ሩሯን ሲለጋት ድምፁ ብቻ ይበቃ ነበር፣ ሳናይ “እሱ ነው” እንል ነበር። ሜዳው ያኔ ሐይቁ ዳር ነበር፣ አሁን ሆቴል ተሠርቶበታል፣ የበቀደሙን ሠርግ እዚያ ነው የበላነው።

ከዚያ ሹፌር ሆኖ አሰብ መስመር ገባ። ስንት ዓመት እዚያ መንገድ ላይ ኖረ። ሙቀቱ፣ አሸዋው፣ ቀንና ሌሊት መሪ ይዞ መቀመጡ። ተመልሶ ባሕር ዳር ሲገባ ወፍሯል፣ አንገቱን ሲያዞር ከነትከሻው ነበር የሚያዞረው። ያን ዓመት ታኅሣሥ 29 ሜዳ ወረድን። ልጆቹ ዝናውን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል፣ ዱላ አምጥተው ሰጡት። ካፖርቱን አውልቆ ለኔ አቀበለኝ። አልተንጠራራም፣ ሁለት ሦስቴ እንኳ በባዶ አላወዛወዘም። ሩሯ ከፊቱ ስትመጣ ልክ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ከኋላ አምጥቶ ለቀቀው። ሩሯን ሳታት። ዱላው መሬት መታ፣ እሱም እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀና ማለት አልቻለም። ሰው ሳቀ፣ የክፋት ሳቅ አልነበረም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጡም ይባላል፣ እሱ ግን ተቆጣ፣ ያውም በገዛ ራሱ ላይ።

ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸው። እስከ ጥምቀት አልጋ ላይ ነበር። ታቦቱ ሲያልፍ በመስኮት ነው የተሳለመው። ወገቡ በኋላ ተሽሎታል፣ ድንጋይ ሲሸከም ሁሉ አይቼዋለሁ። ሜዳ ግን አልወረደም። በየዓመቱ የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል፣ የልጆቹ ጩኸት ከውጭ ይሰማል፣ “ና እንጂ፣ ቁመህ እንኳ እይ” ስለው “እኔ ማየት አልወድም” ይለኛል። ያን ቀን ወጣቱን ራሱን ነበር ሜዳ ላይ ሲጠብቅ የነበረው፣ የመጣው ግን ሌላ ሰው ሆነበት። ዱላውን ጣራ ላይ ሰቅሎት ምስጥ በላው። እሱ ካረፈ ስንት ዓመቱ፣ ይኸው እኔ አሁንም የገና ዕለት ምሳ አይበላልኝም።

ደብዳቤው ስላንተ ነበር፣ ወዴት ሄድኩ። ብቻ ሚስትህ ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። አንተም ሹፌር ነህ፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው። የጎረቤታችን ልጅ ሐኪም ቤት ፊዚዮቴራፒ ትሠራለች፣ እሷን ጠየቅኳት። ጎልፍ የሚጫወት ሰው ከሁሉ በላይ የሚታመመው የታችኛው ወገቡን ነው አለችኝ፣ ክንድም አለበት። ረዥም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ዳሌው ይተሳሰራል፣ ዳሌው አልዞር ሲል ወገቡ የሱን ድርሻ ይዞራል፣ ያኔ ነው የሚቀጨው። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት አሥር ደቂቃ ተራመድ፣ ዳሌህን አሟሙቀው፣ በባዶ አወዛውዝ። ከሥራ ወርደህ በቀጥታ ሜዳ እንዳትገባ። ማስታገሻ ውጠህማ በጭራሽ! እግርህ ላይ መደንዘዝ ከተሰማህ ደግሞ ያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ፣ “ነገ ይተወኛል” የሚል ነገር አልሰማም።

የጎልፉን ታይገር ዉድስን ያኔ ግድግዳህ ላይ ለጥፈኸው ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ወገቡን ለአራተኛ ጊዜ ተቀደደ፣ አጥንቱን አጣበቁለት። ሲመለስ ምን አደረገ? በአጭር አጭር ኳስ ጀመረ። ከዚያ አይረን፣ መካከለኛው ዱላ። ረዥሙ ዱላ መጨረሻ ነው የመጣው። በ2019 ማስተርስ የሚባለውን ውድድር አሸነፈ፣ ከዚያ በፊት ሜጀር የምትሉትን ትልቅ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ2008 ነበር። በዓለም አንደኛ የነበረው ሰው ረዥሙን ዱላ ካስቀመጠው አንተ ምን ቤት ነህ?

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ፓተሩን ያዝ፣ ያንን ኳሷን መሬት ለመሬት የምታንከባልልበትን፣ ትንሿን ይዘሃት ሂድና ጉድጓዱ ያለበት አረንጓዴው ሣር ላይ አብራችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ዌጅ፣ ያንን የአጭር ርቀቱን፣ ዱላውን ከወገብህ በላይ ሳታነሳ። ግማሽ ባልዲ ይበቃሃል፣ የከፈልክበት ኳስ ቢተርፍ ይትረፍ። ደስ ሲልህ አቁም። ሲደክምህ ማቆምማ ወገብህም ያውቃል።

ሚስትህ አዲስ ድራይቨር ልትገዛ እንዳሰብክ ነግራኛለች። ስድስት መቶ ዶላር! ልጄ፣ ስድስት መቶ ዶላር እዚህ ምን እንደሆነ ረሳኸው? አትግዛ። በሱ ፈንታ የአሮጌዎቹን ዱላዎች መያዣ ጎማ አስቀይር፣ ያንን ጋራዥ ያየሁትን። ጎማው ሲያንሸራትት እጅህ አጥብቆ ይይዛል፣ አጥብቆ ሲይዝ ክንድህ ይታመማል። ክንድህ ከታመመ መሪ እንዴት ትይዛለህ? ዛሬ ነገ ሳትል አስቀይረው።

ሕጉም ተቀይሯል። በማታውቀው ነገር ከሰው ጋር እንዳትጨቃጨቅ። ከ2019 ወዲህ የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ድሮ አምስት ነበር ስትለኝ አስታውሳለሁ። ኳስ ስትጥልም ከትከሻ መሆኑ ቀርቶ ከጉልበት ቁመት ነው። ባንዲራው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ፓት ማድረግም ይቻላል። ሀንዲካፕ የምትሉት የተጫዋች ችሎታ መለኪያ ቁጥር ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በዓለም አንድ ሆኗል፣ ከመጨረሻዎቹ 20 ጨዋታዎችህ ስምንቱን ምርጥ ወስደው ነው የሚያሰሉት። ይሄን ወድጄዋለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ማን እንደነበርክ ማንም አይጠይቅህም ማለት ነው። አንተም አትጠይቅ። ከፍተኛው፣ የደካማው ተጫዋች ቁጥር፣ 54 ነው፣ በ54 ብትጀምር ምን ትሆናለህ? ማን ይስቅብሃል? ቢስቁስ?

ታላቅ ወንድሜ ይሄን የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ምን መሰለህ፣ የጎረቤት ልጆች ጎልፍ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብለው ሲጠይቁኝ “ማንም የማይሻማህ ገና ነው” አልኳቸው። ሳቁብኝ። ግን እውነቴን ነው። ሩር ሊነጥቅህ የሚሮጥ ሰው የለም፣ ኳሷ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። ታዲያ ምን አስቸኮለህ? የምትወደው ነገር ሆኖ ነው፣ ገብቶኛል፣ ሰው የወደደውን ሲያገኝ እጁን መያዝ ያቅተዋል። እኔም ስትመጣ ልክ እንደዚያው ነው የምሆነው። ቢሆንም ረዥሙን ዱላ ተወው። እስከ ሰኔ ድረስ ከሻንጣው እንዳይወጣ። ቃልህን በስልክ እፈልጋለሁ።

ሌላ፤ ከዘጌ ቡና ልኬልሃለሁ። የእድራችን ጸሐፊ ልጅ አውሮራ ይመጣል፣ በሻንጣው ይዞታል፣ ሄደህ ተቀበለው። አንተ ግን ሻንጣ እንዳታነሳ፣ እሱ መኪናህ ውስጥ ይጫንልህ፣ ወጣት ነው። በርበሬውን እናትህ በሁለት ፌስታል አድርጋዋለች፣ ትንሹ የጎረቤታችሁ ነው፣ ስለደገፈህ። ስትመጣ የዓይን መነጽር አትርሳ፣ የድሮው ቁጥር አይሆንም፣ አዲሱን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።

የመጨረሻው። እናትህ ስለ ወገብህ ምንም አታውቅም። ድምፅህ ልክ እንዳልነበር እሷም ስለሰማች፣ ጥርሱን ታሞ ነው ብያታለሁ። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስትደውልላት የታችኛው የግራ መንጋጋህ ነው፣ ተነቅሏል፣ አሁን ተሽሎሃል። ለሚስትህም ንገራት፣ የተለያየ ጥርስ እንዳትጠሩብኝ።

አባትህ