ራንሰምዌር ግለሰብንም አይምርም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ስለሚጠይቅ አጥፊ ፕሮግራም፣ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሆስፒታሎችና ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠየቀው ከእነሱ ነው። ግን «እኔን ማን ይፈልገኛል?» ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰራጨው ክሪፕቶሎከር የተባለ ራንሰምዌር ከኢሜይል ጋር በተያያዘ ፋይል እየገባ የተራ ሰዎችን ፎቶና ሰነድ ይቆልፍ ነበር። በ2017 ደግሞ ዋናክራይ የተባለ ሌላ ራንሰምዌር ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። የሚያሳዝነው፣ ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የገባበትን የዊንዶውስ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። ብዙዎች ግን አልጫኑትም።

ድርጅት ባለሙያ ይቀጥራል። ግለሰብ ግን ብቻውን ነው የሚጋፈጠው። የልጆቹ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ አንዴ ከተቆለፈ ያለ ቁልፉ ማስመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ገንዘብ መክፈልም ዋስትና የለውም፤ ተቀብለው ድምፃቸውን የሚያጠፉ አጥቂዎች ሞልተዋል።

ስለዚህ እባካችሁ ባክአፕ ያዙ! የፋይሎቻችሁን ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ንቀሉት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ተሰክቶ ከቀረ እሱም አብሮ ይቆለፋል።

ጥቃቱ የደረሰበት ሰው ቶሎ ኢንተርኔቱን ያቋርጥ። የተቆለፉትን ፋይሎችም ተስፋ ቆርጦ አያጥፋቸው። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም የሆነው ዩሮፖልና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው ድረ ገጽ ለአንዳንድ የራንሰምዌር ዓይነቶች መፍቻ በነፃ ያቀርባል። ዝግጅት ክፍላችሁ አጠቃቀሙን ደረጃ በደረጃ ቢያስረዳ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ